የአህያዋ ሦስት ቁና

ተረት ተረት። የመሠረት።

ኦሞ ወንዝ ከደጋ ተነሥቶ፣ ቆላውን ሰንጥቆ፣ ቱርካና ሐይቅ ገብቶ ያርፋል። ሐይቁ ከሚያገኘው ውኃ ከአሥር ዘጠኙን እጅ ያህል የሚሰጠው እሱ ነው። ወንዙ ሐይቁ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ በምሥራቅ ዳርቻው ላይ ኦሞራቴ አለች። ከዚያ ማዶ ሌላ ጎረቤት ነው፤ ወረድ ሲሉ ሌላ መንግሥት ነው። ስለዚህ በዚያ አገር ከሌላ ወገን ጋር ሳይገናኝ የሚኖር እንስሳ የለም።

ባለ አገሩ የዳሰነች ሕዝብ ራሱ ስምንት ወገን ነው። ከስምንቱ አንዳንዱ ከሌላ ሕዝብ መጥቶ የተቀላቀለ፣ ዛሬ ግን ቤተኛ የሆነ ነው። በጎሳ ሲቆጠርም ጎሳው ሁሉ የሚታወቅበት ነገር አለው፤ ቃጠሎ ያክማል የሚባል አለ፣ አዞ ይፈራዋል የሚባል አለ። ቃጠሎ የደረሰበት ሰው ወደሚያውቀው ይወሰዳል እንጂ፣ አዋቂው ዕውቀቱን ከየት እንዳመጣው ወረቀት አይጠየቅም። እንስሳቱ ይህን እያዩ ነው ያደጉት።

በ2010 ዓ.ም. ጂንካ ላይ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ሲጀምር ወሬውን ወፎች ይዘው ወደ ቆላ ወረዱ። እንስሳቱም «እኛስ ልጆቻችን ለምን ይቅርባቸው?» ተባባሉ። ከወንዙ ዳር፣ ከአንድ ትልቅ ግራር ሥር ትምህርት ቤት ከፈቱ። ጉማሬን አለቃ አደረጉት፤ ውኃውንም የብሱንም ያውቃል ብለው። ኤሊን መዝጋቢ አደረጓት፤ አትቸኩልም፣ ዕድሜዋም ረጅም ነው ብለው። ንስርን መምህር አደረጉት፤ ከፍ ብሎ ሁሉን ያያል ብለው።

ዕውቀት የሚሰፈረው በቁና ነበር። ተማሪ አንድ ትምህርት ሲጨርስ ኤሊ እንደ ትምህርቱ ክብደት አንድም ሁለትም ሦስትም ቁና ማሽላ ሰፍራ በስሙ ጎተራ ታስገባለታለች። አርባ ቁና የሞላለት ይመረቃል፤ በአንገቱ የዶቃ ክር ይታሰርለታል። ባለ ዶቃ መንጋ ይመራል፣ የውኃ ጉድጓድ ዳኛ ይሆናል፣ ወደ ጎረቤት ይላካል። ዶቃ የሌለው ይሸከማል።

ከአርባው ቁና ሦስቱ «የማዶ ልማድ» ከሚባለው ትምህርት የሚገኙ ናቸው። ያለ እነዚያ ሦስት ቁናዎች ማንም አይመረቅም። ጉማሬ በየዓመቱ መክፈቻ ላይ «ጎረቤቱን የማያውቅ እንስሳ ተማረ አይባልም» ይል ነበር። እውነቱን ነው።

ይህን ትምህርት የሚያስተምረው ንስር ነው። ንስር በማዶ ሜዳ ላይ ሲያንዣብብ የኖረ ስለሆነ ግመሉንም ፍየሉንም ከብቱንም ያውቃል። ያያቸው ግን ከላይ ነውና የሚያውቀው ጀርባቸውን ነው። «የማዶ ግመል ሻኛው አንድ ነው፤ ሲሄድ በተርታ ይሄዳል፤ እንግዳ ሲመጣ ክብ ይሠራል» ይላል። ተማሪዎቹም ይጽፋሉ።

በአንድ ዓመት፣ ምዝገባ ሊዘጋ ሲል፣ አንዲት አህያ ወንዙን ተሻግራ መጣች።

የተወለደችው ኬንያ ውስጥ፣ ሎድዋር አጠገብ ነው። በድርቅ ዓመት እናቷ ስትሞትባት ወደ ካኩማ ሄደች። ካኩማ ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ ከየአገሩ የተሰደደ ሰው የሰፈረበት ቦታ ነው። እዚያ ለሱዳኑም፣ ለሶማሌውም፣ ለኢትዮጵያዊውም ቤት ውኃና ማገዶ ተሸክማለች። በአንዱ ደጃፍ የሚያስመርቅ ነገር በሌላው ደጃፍ እንደሚያስመታ ያወቀችው እዚያ ነው። ከዚያ ከፍየሎች መንደር ገባች፤ ከፍየሎች ወደ ከብቶች፤ ከከብቶች ወደ ማዶ ግመሎች። በእያንዳንዱ መንደር ቤተኛ ስትሆን በጋለ ብረት ምልክት ይደረግባት ነበር። ኦሞራቴ ስትደርስ ቆዳዋ ላይ ሦስት ምልክት ነበራት፤ የፍየሎቹ ጭኗ ላይ፣ የከብቶቹ ጎኗ ላይ፣ የግመሎቹ ትከሻዋ ላይ።

«እንኳን ደህና መጣሽ እህቴ» አለቻት ኤሊ መዝገቧን ገልጣ። «ምን ልትማሪ ነው?»

«ሁሉንም እማራለሁ እመቤቴ። ማንበብ አልችልም፤ ቁጥርም አላውቅም፤ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልለምን። የማዶ ልማድን ኖሬበታለሁ። ፍየሎቹ ዘንድ የሟች ስም በማታ እንደማይጠራ አውቃለሁ። ከብቶቹ ዘንድ ውኃ ከመጠየቅ በፊት የጥጃ ደህንነት እንደሚጠየቅ አውቃለሁ። ግመሎቹ ሲቆጡና ሲያዝኑ ዝምታቸው እንዴት እንደሚለይ አውቃለሁ። ይህን ያስተማረኝ መምህር አልነበረም፤ ስሳሳት ተመትቼ፣ ሳውቅ በልቼ ነው። ሦስቷ ቁና ብትሰፈርልኝ ብዬ ነው።»

ኤሊ ክፉ አልነበረችም። እንዲህ ያለ ጥያቄ ቀርቦላት ስለማያውቅ ግን ጉባኤ አስጠራች።

ጉባኤው ቀኑን ሙሉ መክሮ «የኖረችባቸው መንደሮች ማኅተም ያለበት ማስረጃ ታቅርብ» ብሎ ወሰነ። አህያዋ ተመልሳ ወንዙን ተሻገረች። ፍየሎቹ የነበሩበት መንደር ስትደርስ አመድ ብቻ ቀርቷል፤ ዝናብ ጠፍቶ ተነሥተዋል። የከብቶቹ መንደር በግጭት ተበትኗል። ግመሎቹን አገኘቻቸው፤ ማኅተም ግን የላቸውም። «ምልክታችን ትከሻሽ ላይ አይደለም ወይ? ከዚህ በላይ ምን እንስጥሽ?» አሏት።

ተመልሳ ጉባኤው ፊት ቆመችና ቆዳዋን አሳየች። «ማኅተሙ ይኸው ነው ጌቶቼ» አለች።

ኤሊ ቀርባ ሦስቱንም ጠባሳ አንድ በአንድ መረመረች። «ማኅተም የሚመታው ወረቀት ላይ ነው» አለች በመጨረሻ። «ቆዳ ላይ የተመታ በመዝገብ አይያያዝም።»

ከጉባኤተኞቹ መካከል ያዘኑላት ነበሩ። ቀበሮ ተነሥቶ «ለመንገደኛ መለኪያ ይበጅለት» አለ። «ብዙ የዞረ ብዙ አቧራ ተሸክሟል። የኮቴው አቧራ ይመዘንና እንደ ክብደቱ ቁና ይሰፈርለት።» ሐሳቡ ለሁሉም ደስ አለ፤ ቀላል ነው፣ ይመዘናል፣ አያከራክርም። በማግሥቱ ሚዛን ተሰቀለ። አህያዋ እግሯን አነሣች። ወንዙን ሦስት ጊዜ ተሻግራለችና ኮቴዋ ታጥቦ ነጽቷል። ኤሊ በመዝገቡ ላይ «ምንም» ብላ ጻፈች።

ከርከሮ ግን ከመንደሩ ወጥቶ የማያውቅ ሲሆን፣ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ሲንከባለል ውሎ መጣና ሦስት ቁና ተሰፈረለት። ሳምንት ሳይሞላ ቀበሮ ራሱ በገበያ ቀን ከገበያው ዳር ተቀምጦ የሎድዋር አቧራ፣ የካኩማ አቧራ እያለ በቅል ይሸጥ ጀመር። ተማሪው ሁሉ አቧራ ተቀብቶ መጣ። ጎተራው ሊራቆት ሲል ጉማሬ ጉባኤ ጠራና በብስጭት ተናገረ፦ «አያችሁ? ኖርኩ፣ አየሁ የሚል ሁሉ አጭበርባሪ ነው። ከእንግዲህ ከትምህርት ቤቱ ውጪ የተገኘ ዕውቀት አይሰፈርም።» ሚዛኑ ተፈታ። የከርከሮ ሦስት ቁና አስቀድሞ በመዝገብ ስለገባ አልተነካም።

ያን ቀን አንዲት አሮጊት ሰጎን ከኋላ ተነሥታ ነበር። «አባቶቼ፣ ወረቀቱንም ተዉት፣ አቧራውንም ተዉት» አለች። «ከማዶ አንድ ግመል እንጥራ። እሷ ታነጋግረው፤ እኛ ቁጭ ብለን እንይ። ካወቀች ይሰፈርላት፤ ካላወቀች እንደ ሌላው ትማር።»

ጉባኤው አከበራት፤ ዕድሜዋም ትልቅ ነው። ነገር ግን ግመሉን የሚጠራው ማን እንደሆነ፣ የውሎ አበሉን ማን እንደሚከፍል፣ በየትኛው ቋንቋ ቃለ ጉባኤ እንደሚያዝ ጥያቄ ተነሣ። ነገሩ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላለፈ። በሚቀጥለው ስብሰባ ሌላ አጀንዳ ነበር።

በበጋ ትምህርት ቤቱ የማዶ ጉብኝት አዘጋጀ። የጉማሬ ልጅና ስድስት ጅግራዎች ከንስር ጋር በታንኳ ተሻገሩ፤ ሦስት ቀን ማዶ ቆይተው ሊመለሱ ነው። ስንቅና ውኃ የሚሸከም ስላስፈለገ አህያዋ ታዘዘች። እሷም እየዋኘች ተከተለች።

ማዶ ሲደርሱ ግመሎቹ ዝም ብለው ቆሙ። ጅግራዎቹ ፈሩ። አህያዋ ጭነቷን ይዛ ወደ ፊት ቀረበችና ስለ ዝናብ ጠየቀች፤ ቀጥላ ስለ ሕሙማን፤ ቀጥላ ስለ ሙታን። ያን ጊዜ ግመሎቹ አንገታቸውን ዝቅ አደረጉና እንግዶቹን ተቀበሉ። ለሦስት ቀን የጉማሬ ልጅ በጠየቀ ቁጥር ወደ ግመሎቹ የምታደርሰው፣ ግመሎቹ በመለሱ ቁጥር ወደ እሱ የምትመልሰው እሷ ነበረች። አንዷ ጅግራ ሳታውቅ የግመል ግልገል ላይ ዘልላ ስትወጣ ጠብ ተነሥቶ ነበር፤ ሌሊቱን ሙሉ ይቅርታ ስትጠይቅ ያደረችው አህያዋ ናት።

ሲመለሱ ኤሊ ለጉማሬ ልጅና ለስድስቱ ጅግራዎች ለያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት ቁና ሰፈረች፤ «ማዶን በዓይናቸው አይተዋልና» ተብሎ ተጻፈ።

«እኔስ እመቤቴ?» አለች አህያዋ።

«አንቺ የሄድሽው ለመሸከም ነው እህቴ። ለመማር የሄደ አስቀድሞ ይመዘገባል።»

«ማዶ ዐሥር ዓመት ስኖርስ?»

«ያን ጊዜም ለመማር አልሄድሽም፤ ለመኖር ነው የሄድሽው።»

እንግዲህ አህያዋ ትምህርቱን እንደ ማንም ልትማር ተቀመጠች። ከንስር ፊት ሆና የግመልን ጀርባ ተማረች። ፈተና ሲመጣ «የማዶ ግመል እንግዳ ሲመጣበት ምን ያደርጋል?» የሚል ጥያቄ ወጣ። እሷም በቅርብ በተማረችው ፊደል እየተንቀጠቀጠች «ዝም ብሎ ይቆማል፤ እንግዳው ስለ ዝናብ እስኪጠይቀው ይጠብቃል» ብላ ጻፈች። የመምህሩ መልስ «ክብ ይሠራል» ነበርና ወደቀች።

ንስር ግን ብልህ ነው፤ መልሷን ደጋግሞ አነበበው። ማታ ማታ ከግራሩ ወርዶ ከአጠገቧ እያረፈ ይጠይቃት ጀመር። ፍየሎቹስ? ከብቶቹስ? የጥጃውን ነገር እስቲ ድገሚልኝ? መምህሯ ነውና ደስ ብሏት ነገረችው። በዓመቱ ንስር አዲስ የማዶ ልማድ መጽሐፍ አወጣ፤ ስለ ዝናቡም፣ ስለ ጥጃውም፣ በማታ ስለማይጠራው ስምም አለበት። ስሙ በሽፋኑ ላይ በትልቁ ተጽፏል። ያው ጥያቄ በድጋሚ ፈተና ላይ መጣ። አህያዋ ያንኑ መልስ ጻፈች። አራሚዎቹ መልሷን ከመጽሐፉ ጋር አስተያዩና «ከመምህሩ ቃል በቃል ገልብጣለች» ብለው ሰረዙባት። ለሁለተኛ ጊዜ ወደቀች።

ጓደኞቿ ተመረቁ። የጉማሬ ልጅ ዶቃ አሰረ። ከርከሮ ዶቃ አሰረ። ጅግራዎቹም አሰሩ። አህያዋ ሠላሳ ሰባት ቁና ሞልቶላት ሦስቱን ስትጠብቅ ቀረች። እስከዚያው ከወንዙ ውኃ እየቀዳች ለትምህርት ቤቱ ትሸከም ነበር።

ድሮ ወንዙ ልማድ ነበረው። ደጋው ሲዘንብ ይሞላል፤ ክረምቱ ሲወጣ ይሸሻል፤ ሸሽቶ በተወው እርጥብ አፈር ላይ ማሽላ ይዘራል። በ2009 ዓ.ም. ጊቤ ሦስት ግድብ ከተመረቀ ወዲህ የወንዙ አመጣጥ እንደ ቀድሞው አልሆነም። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ሐይቁ ራሱ እየሞላ፣ ወደ ላይ እየገፋ፣ ግጦሹን ይሸፍን ጀመር። አሮጌዎቹ እንስሳት ውኃ ሲመጣ ይደነግጣሉ፤ በ1998 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ኦሞ ድንገት ሞልቶ ከ300 በላይ ሰውና እጅግ ብዙ ከብት የወሰደውን አይረሱትም።

በአንድ ሌሊት ሐይቁም ወንዙም ተነሡ። ሲነጋ ትምህርት ቤቱ ደሴት ሆኗል። ውኃ የማይደርስበት ቦታ አንድ ብቻ ነበር፤ በማዶ ያለው የግመሎች ኮረብታ።

ጉማሬ ባለ ዶቃዎቹን ሰበሰበ። ልጁንና ሁለት ጅግራዎችን መልእክተኛ አድርጎ ላከ። ደርሰው ሲያዩ ግመሎቹ ዝም ብለው ቆመዋል። የጉማሬ ልጅ የተማረው ከአዲሱ መጽሐፍ በፊት ነውና፣ በጉብኝቱ ያየውንም ረስቶ፣ ክብ እንዲሠሩ ጠበቀ። አልሠሩም። ተቆጥተዋል ብሎ ወደ ኋላ ሸሸ። ሲሸሽ ያዩት ግመሎች ደግሞ ሊሰልል የመጣ ነው አሉና ኮረብታውን ዘጉ።

ሁለተኛ ጊዜ ከርከሮ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይዞ ሄደ። ግመሎቹ ተቀብለው አሸተቱት፤ የሚያነብላቸው ስላልነበረ መለሱለት።

ሦስተኛ ጊዜ ንስር ራሱ መጽሐፉን ይዞ በረረ። በመጽሐፉ ያለው ሁሉ ትክክል ነበር። ስለ ዝናብ እንደሚጠየቅ ያውቃል፤ ስለዚህም ጠየቀ። ግን የጠየቀው ከሰማይ ላይ ሆኖ ነው። በዚያ አገር ግመል ከራሱ በላይ ሆኖ ለሚያናግረው ወገን አይመልስም፤ ይህን አህያዋ አልነገረችውም፤ እሷ ሁልጊዜ ከታች ስለምትናገር ልትነግረው የሚገባ ነገር መሆኑ አልታያትም።

ውኃው ከግራሩ ግንድ ግማሽ ደርሷል። አሮጊቷ ሰጎን «አሁንም አህያዋን ላኩ» አለች።

«ዶቃ የላትም» አለ ጉማሬ።

«ልጆቻችን ሊሰጥሙ ነው» አለች ሰጎን።

አህያዋ ያለ ዶቃ ዋኝታ ተሻገረች። ከኮረብታው ሥር ቆመች። ዝም አለች፤ ግመሎቹም ዝም አሉ። ስለ ዝናብ ጠየቀች፤ ስለ ሕሙማን ጠየቀች፤ ስለ ሙታን ጠየቀች። ከሙታኑ መካከል ያሳደገቻት አሮጊት ግመል ነበረችና ስሟ ሲነሣ አለቀሰች። አንዱ ሽማግሌ ግመል ወረደና ትከሻዋን አሸተተ። ጠባሳውን አገኘው።

«ይህ ምልክታችን ነው» አለ። «ይቺ ልጃችን ናት። ከእሷ ጋር የመጣ ይግባ።»

ኮረብታው ተከፈተ። ጉማሬም፣ ኤሊም፣ ጅግራም፣ ከርከሮም፣ ግልገል ሁሉ ወጣ። አንድም አልሰጠመም። ውኃው እስኪሸሽ ድረስ እዚያው ከረሙ።

በኮረብታው ላይ ጉባኤ ተጠራ። አጀንዳው አንድ ነበር፤ ለአህያዋ የማዶ ልማድ ሦስት ቁና ይሰፈርላት ወይስ አይሰፈርላት። ግማሹ «በዓይናችን አይተናል፤ ከዚህ በላይ ምን ፈተና አለ?» አለ። ኤሊ በጀርባዋ ተሸክማ ያተረፈችውን መዝገብ ገለጠች። አህያዋ በዚያ መንፈቅ ለዚህ ትምህርት አልተመዘገበችም። ደግሞም ከትምህርት ቤቱ ውጪ የተገኘ ዕውቀት አይሰፈርም የሚለው ውሳኔ አልተሻረም። ሊሻር ይችል እንደሆነ ተጠየቀ። ሊሻር የሚችለው በመደበኛ ስብሰባ ነው፤ መደበኛ ስብሰባ የሚደረገው ደግሞ ከግራሩ ሥር ነው፤ ግራሩ ውኃ ውስጥ ነው። ጉማሬ ረጅም ጊዜ አሰበና የምስጋና ወረቀት እንዲሰጣት ወሰነ። ወረቀቱ ማኅተም ነበረበት።

ሽማግሌው ግመል ከዳር ሆኖ ይሰማ ነበር። «ይቺ ልጅ እናንተ ዘንድ ምንድን ናት?» ብሎ ጠየቀ።

«ተማሪ ናት» አለች ኤሊ።

«ምን ትማራለች?»

«እናንተን» አለች ኤሊ፤ ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ዝም አለች።

ውኃው ሲሸሽ ሁሉም ወደ ኦሞራቴ ተመለሱ። መጽሐፎቹንና ጎተራውን ተሸክማ እንድትመለስ አህያዋን ፈለጓት። ግመሎቹ ጋ ቀርታለች።

ትምህርት ቤቱ ዛሬም ከግራሩ ሥር አለ፤ በየዓመቱም ያስመርቃል። የማዶ ልማድ ሦስት ቁና እንደሆነ ነው። አህያዋ በግመሎች ኮረብታ ሥር የውኃ ጉድጓድ ዳኛ ሆናለች። በኦሞራቴና በማዶ መካከል በውኃ ጠብ ሲነሣ ባለ ዶቃዎቹ ተሻግረው ወደ እሷ ይሄዳሉ፤ ለአንድ ዳኝነት የሚከፍሏትም ሦስት ቁና ማሽላ ነው።